የመክፈቻው ሁለት ደቂቃ፦ የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 21

አጭር ፊልማችን አለቀ ማለት ይቻላል። 18 ደቂቃ ነው። የአንድ የሚኒባስ ረዳት ልጅ ታሪክ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ውሎው። የቀረን መጀመሪያው ነው። ስማችን የሚወጣበት ሁለት ደቂቃ። ሥዕሉ አለ፦ ልጁ ከቤት ይወጣል፣ በጨለማ ይራመዳል፣ መገናኛ ይደርሳል፣ የታክሲውን በር ይከፍታል። ድምፁ ግን ባዶ ነው።

የቡድኑ ልጆች «አንድ አሪፍ ሙዚቃ ጣል አድርጊበት» አሉኝ። ጣል ማድረግ አልፈልግም። ከፊልም ሁሉ አብልጬ የምወደው ያንን ቦታ ነው። ልጅ እያለን የሠፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት ስም መውጣት ሲጀምር በሪሞት ያሳልፈው ነበር። ሰው የመጣው ለፊልሙ ነው ብሎ ነው። እኔ ግን ዘፈኑ ገና ሲጀምር ሲቆረጥ አንጀቴ ያርር ነበር። ያን ጊዜ የጎደለኝን ዘፈን ሁሉ ካደግኩ በኋላ እየፈለግኩ ሰምቼዋለሁ።

ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። የራሳችንን ከመሥራቴ በፊት የምወዳቸውን መክፈቻዎች ታይምላይን (ሥዕልና ድምፅ የሚደረደርበት የኤዲቲንግ መስመር) ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ እፈታቸዋለሁ። የትኛው ስም በየትኛው ምት ላይ እንደገባ፣ ዘፈኑ የት እንደጀመረ፣ የት እንዳበቃ እቆጥራለሁ። ከዚያ የራሳችንን እቆርጣለሁ። የፊልሞቹን ዓመት የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሰኔ 23

በ«ዘ ግራጁዌት» ጀመርኩ። 1967፣ ዳይሬክተሩ ማይክ ኒኮልስ። ደስቲን ሆፍማን ከአውሮፕላን ወርዶ ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ውስጥ በሚንቀሳቀሰው ወለል ላይ ይቆማል። አይራመድም። ወለሉ ነው የሚወስደው። ከኋላው ነጭ ግድግዳ ያልፋል። የሳይመንና ጋርፈንከል «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ» ይዘፈናል።

ይህን መክፈቻ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ዛሬ ግን ሥዕሉን አቁሜ ሳየው አንድ ነገር ታየኝ። ሆፍማን የፍሬሙ ቀኝ በኩል ላይ ነው። ግራው ባዶ ነው። ስሞቹ የሚገቡት እዚያ ባዶው ላይ ነው። ሲቀረጽ ገና ለጽሑፉ ቦታ ተትቶለታል ማለት ነው። ወዲያው የኛን ሥዕል ከፈትኩ። ልጁ ሁልጊዜ መሐል ነው። ስማችንን ፊቱ ላይ ካልጻፍነው በቀር ቦታ የለንም። አንድ ሾት ብቻ አለች፣ በቆርቆሮ አጥር ሥር የሚሄድባት፣ እሱ ቀኝ ሆኖ ግራው ጨለማ የሆነባት። እሷን ምልክት አደረግኩባት።

ከዚያ አንድ ሙከራ አደረግኩ። የሆፍማንን ዘፈን አጥፍቼ የቢ ጂስን «ስቴይን አላይቭ» አስገባሁበት። ያው ሰው፣ ያው ግድግዳ። ሰውየው ግብዣ የሚጠብቅ መሰለ። «ዛሬ ማታ ወዴት ልውጣ?» የሚል ፊት ሆነ። የራሱን ዘፈን ስመልስለት ያ ድብርት ተመልሶ ፊቱ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ እያቀያየርኩ አየሁት። ሆፍማን አንድም ጡንቻ አላንቀሳቀሰም። ያዘነውም የተደሰተውም እኔው ጆሮ ውስጥ ነው።

የዘፈኑ ታሪክም ለኔ ቢጤ ኤዲተር ደስ ይላል። በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ሰሚ አላገኘም። ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር ተጨምሮበት በ1965 እንደገና ሲወጣ ነው የታወቀው። ኒኮልስም ፊልሙ ውስጥ ሲያስገባው ለኤዲቲንግ ማገዣ፣ ለጊዜው ብሎ ነው። በኋላ ከሱ የሚሻል ጠፋና እዚያው ቀረ።

ሰኔ 24

ዛሬ የሚራመዱትን አየሁ። የኛም ልጅ ስለሚራመድ።

«ጃኪ ብራውን»፣ 1997። ታራንቲኖ የ«ዘ ግራጁዌት»ን መክፈቻ አውቆ ነው የደገመው። ያው ኤርፖርት፣ ያው የሚሄድ ወለል። ግድግዳው ግን ባለቀለም ነው፤ የቆመችው ደግሞ ፓም ግሪር ናት፣ በሰማያዊ የሆስተስ ልብስ። ዘፈኑ የቦቢ ዎማክ «አክሮስ 110ኛ ስትሪት»፣ ከ1972 ፊልም የተወሰደ። መጀመሪያ ትቆማለች። ቀጥላ ትራመዳለች። መጨረሻ ላይ ትሮጣለች፤ ለካ ሥራ ረፍዶባታል። የዘፈኑ ፍጥነት ሁሌም ያው ነው። የምትፈጥነው እሷ ናት። ስትቆም ንግሥት ናት፣ ስትሮጥ ደመወዝተኛ ናት፤ በአንድ ዘፈን ሁለቱንም አየናቸው። ከሁሉም መክፈቻ አንዱን ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

«ሳተርደይ ናይት ፊቨር»፣ 1977። ትራቮልታ በብሩክሊን አስፋልት ላይ የቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ካሜራው ጫማው ላይ ነው። ዘፈኑ ያው «ስቴይን አላይቭ» ነው። ምቱን በጣቴ ቆጠርኩት፤ በደቂቃ 104 አካባቢ ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ሲሰላ አንድ ምት ከ14 ፍሬም ትንሽ ያንሳል። (ልቡ ለቆመ ሰው ደረት መጫን ሲያስተምሩ ይህን ዘፈን በሆዳችሁ ዝፈኑ የሚሉት ለዚህ ነው፤ የሚፈለገው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው።) ቆርቆሮው ሠራተኛ መሆኑን ይናገራል። እርምጃው ደግሞ ሌላ ሰው ነኝ ይላል።

የኛን ልጅ እርምጃም ቆጠርኩ። 92። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው እርምጃ።

ሰኔ 28

«ሚን ስትሪትስ»፣ 1973፣ ስኮርሴዚ። ሰውየው ከእንቅልፉ ባንኖ ይነሳል፣ መስታወት ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል። ጭንቅላቱ ወደ ትራሱ ሲወርድ ሦስት ጊዜ ይቆረጣል፤ በያንዳንዱ ቁርጥ ካሜራው ይቀርበዋል። እዚያው ላይ የ«ቢ ማይ ቤቢ» ከበሮ ይገባል። ዱም፣ ዱዱም፣ ቻ!

የዘ ሮኔትስ ዘፈን ነው፣ የ1963። ከበሮውን የመታው ሃል ብሌን ነው። ዛሬ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። እነዚያን ጥቂት ሴኮንዶች ፍሬም በፍሬም ወደፊትና ወደኋላ ስጎትት ዋልኩ። ቁርጡን ሁለት ፍሬም ሳዘገየው ሰውየው ዝም ብሎ የተኛ ሰው ሆነ። ወደ ቦታው ስመልሰው ከበሮው ራሱን የመታው መሰለኝ። ሁለት ፍሬም ማለት ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይሞላም።

«ዱ ዘ ራይት ቲንግ»ንም (1989) አየሁ። ሮዚ ፔሬዝ ብቻዋን የብሩክሊን ቤቶች በተሣሉበት ግድግዳ ፊት ትጨፍራለች፣ አንዴም የቦክስ ጓንት አድርጋ። የፐብሊክ ኤነሚ «ፋይት ዘ ፓወር» ይጮኻል። ገና ታሪኩ ሳይጀመር ላብ በላብ ያደርጋል። ለኛ ሥራ ግን የሚቀዳ ነገር የለውም። የኛ ልጅ አይጨፍርም።

ሐምሌ 2

ለጊዜው ብዬ አንድ የድሮ የካሴት ትዝታ አስገባሁ። ጸጉሬ ቆመ። ልጁ በጨለማ ሲሄድ የአባቱንም የአያቱንም መንገድ የሚሄድ መሰለ። የቡድኑ ልጆች ሲሰሙት ዝም አሉ። «በቃ፣ አለቀ» አለ አንዱ።

አላለቀም። የሰው ዘፈን ነው። ካሴቱ ላይ እንደተጻፈው ግጥም የአንዱ፣ ዜማ የሌላው፣ ቅንብር የሦስተኛው ነው። ቅጂው ደግሞ ያሳታሚው ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ «የድሮ ነው፣ ማን ይጠይቃል» አይሠራም። ባይጠይቁም ልክ አይደለም። የሰው ድካም ነው። ወራሾችን አፈላልጌ እስክጨርስ ፊልሙ ዓመት ይሞላዋል። አወጣሁት። ሲወጣ ሁለቱ ደቂቃ እንደገና ተራቆተ።

ማታ ለመጽናናት «ብሮክን ፍላወርስ»ን (2005፣ ጂም ጃርሙሽ) ከፈትኩ። እኛ ሀገር ያ ፊልም የሙላቱ አስታጥቄ ፊልም ነው። መክፈቻው ላይ ሙላቱ አለ ብዬ ልምል እችል ነበር። የለም! መክፈቻው የዘ ግሪንሆርንስና የሆሊ ጎላይትሊ «ዘር ኢዝ አን ኤንድ» ነው። ሮዝ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ በመደርደሪያ ማሽኖች ውስጥ ይጓዛል፣ ዘፈኑ ከላይ ይሄዳል። ሙላቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ለቢል መሪ ለመንገዱ ሲዲ ይሰጠዋል፤ እሱም መኪና ውስጥ ይከፍተዋል። ሙዚቃው ከላይ የተለጠፈ አይደለም። ከመኪናው ውስጥ ነው የሚወጣው። ሰው የሰጠው ሙዚቃ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ከመክፈቻው በላይ አእምሯችን ውስጥ የቀረው።

«ፐልፕ ፊክሽን»ም (1994) መክፈቻው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለው። የዲክ ዴል «ሚሲርሉ» እየሄደ ድንገት የሬዲዮ ጣቢያ ሲቀየር ይሰማና ሌላ ዘፈን ይተካል።

የኛም ልጅ መጨረሻ ላይ ታክሲ ውስጥ ይገባል። ታክሲ ደግሞ ሬዲዮ አለው። ይህን ጽፌ ተኛሁ።

ሐምሌ 6

የፊደል ቀን። የመጀመሪያውን ስም ስጽፍ ከፊደል ይልቅ ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩ። የመረጥኩት ፎንት ግዕዝ የለውም። ኒያላን ሞከርኩ፤ ቀጫጭን መስመሮቹ ጨለማው ላይ ይጠፋሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወፈር ያለው ደህና ተነበበ። የስም መጠሪያውን አነስ፣ ሥራውን («ካሜራ»፣ «ድምፅ») ደግሞ ከሱ ያነሰ አድርጌ ሞከርኩ፤ በስልክ ሲታይ «ስ»ና «ሰ» አንድ ሆኑ። እንደገና አተለቅኩት።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ደወልኩ። ስምህ በሃሌታው ሀ ነው፣ በሐመሩ ሐ ወይስ በብዙኃኑ ኀ? በንጉሡ ሠ ወይስ በእሳቱ ሰ? ከዘጠኛችን አራቱ ስማቸው እስካሁን በስህተት ሲጻፍ ኖሯል። የድምፅ ባለሙያችን «እናቴ ብታየው ደስ ይላታል» ብሎ ሁለት ጊዜ አመሰገነኝ።

ሐምሌ 11

ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አባት አሉ፣ ከጓደኛዬ ቤት ጀርባ የሚኖሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ታሪኩን ነገርናቸው። «እስቲ ልጁን አሳዩኝ» አሉ። ላፕቶፑን ከፈትኩላቸው። ሁለቱን ደቂቃ ሦስት ጊዜ አዩ። ምንም አላሉም።

ቀረጻው ጓደኛዬ ቤት ነበር። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ሁለት ጋቢ ሰቀልን፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ። የማሲንቆው ቆዳ በክረምቱ እርጥበት ላልቶ ነበር። ከቡናው ከሰል አጠገብ አድርገው እያገላበጡ አሞቁት። በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ይሰሙታል። ከዚያ ለቡናው ከቀረበው ዕጣን አንድ ፍሬ አነሡና የደጋኑን የፈረስ ጭራ ቀስ እያሉ አሹት። ቤቱ በአንድ ጊዜ ዕጣን ዕጣን ሸተተ። አሁን ሲስቡት ያ የሚነክስ ድምፅ መጣ።

በጆሮ ማዳመጫ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር ድምፅ) ልሰጣቸው ፈልጌ ነበር፣ በደቂቃ 92። ትንሽ ሰሙና አወለቁት።

«ይሄን ንሽልኝ ልጄ። ልጁን መልሺልኝ።»

እሺ አልኩ። ላፕቶፑን ፊታቸው አስቀመጥኩ። የልጁን እግር እያዩ ጀመሩ፣ ቀስ ባለ ችክችካ። እርምጃው ምቱ ላይ መውደቅ ሲጀምር ጓደኛዬ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ እንዲህ ብለው ገቡ፦

ሳይነጋ ወጥቼ መንገዱን ስጠራ፣
ስንቱን አሳፈርኩት የኔ ቀን ሳይጠራ።

እዚያው ነው የፈጠሩት። መንገዱን ይጠራል፤ ቀኑ ግን አልጠራለትም። እሱንም የጠራው የለም። ማሳፈሩንም ወደ ፈለጋችሁት ውሰዱት። እኔ ስለ ምትና ስለ ፍሬም ሳምንታት ስደክም፣ እሳቸው በሁለት ስንኝ ፊልሙን ጨረሱት።

ወዲያው ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ወረደ። የቀረጽነው ሁሉ ከግማሹ በኋላ ዝናብ ነው። መብራትም ሄደ። ቡናውን ጠጥተን ተለያየን።

ሐምሌ 13

በጠዋት፣ ሰማዩ ሳይከፋ፣ እንደገና ቀረጽን። አምስት ስንኝ፣ በየስንኙ መሐል ማሲንቆ። አንድ ሰዓትም አልፈጀ። ገንዘባቸውን ሰጠን፤ በወረቀትም ተፈራረምን፣ ግጥምና ዜማው የሳቸው መሆኑ ተጽፎ።

ታይምላይን ላይ ሳስቀምጠው ሲጀምሩ 92 ናቸው፣ ሲጨርሱ 98። በሜትሮኖም ብቆርጠው ኖሮ ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ ሁሉም ይዛነፍ ነበር። የምቶቹን ምልክት (ማርከር) በጆሮዬ አስቀመጥኩ፣ አንድ በአንድ፣ 170 ገደማ። ልጁም መገናኛ ሲደርስ ይፈጥናል። ጋሼ ይህን አይተው ነው የፈጠኑት። «ጃኪ ብራውን» ውስጥ ዘፈኑ አይፈጥንም፤ እዚህ ዘፋኙ ከልጁ ጋር አብሮ ረፈደበት።

ሐምሌ 15

ስሞቹን አስገባሁ። በያንዳንዱ ስንኝ መጀመሪያ ላይ ስም። ቆንጆ መሰለኝ። ለእኅቴ አሳየኋት።

«ካሜራውን ማን ሠራው?» አልኳት።

«ስም ነበረው እንዴ?»

ስንኞቹን ግን አንድም ሳታዛንፍ ደገመችልኝ። ጎረቤቷን ጠራሁ፤ ያው ሆነ። ያኔ ገባኝ። አማርኛ እየሰማ አማርኛ ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። በተለይ ሰምና ወርቅ ሲሆን ጆሮ ወርቁን ፍለጋ ይሄዳል፤ ዓይን ብቻውን ይቀራል። የውጭ ፊልሞቹን ስፈታ ይህ ለምን አልታየኝም? ዘፈናቸው ለኔ የሰው ቋንቋ ስለሆነ ነው። ግጥሙን ዜማ አድርጌ ነው የምሰማው፣ ዓይኔ ነፃ ነው።

መፍትሔው ዘፈኑ ውስጥ ነበር። አዝማሪ ስንኙን ይላል፤ ከዚያ ማሲንቆው ዜማውን ይመልስለታል። ያ መልስ 4 ሴኮንድ ገደማ ነው። ድምፃቸው ዝም ሲል ስም ይገባል፣ 3 ሴኮንድ ይቆያል፣ ድምፃቸው ሳይመለስ ይወጣል። አምስት ክፍተት፣ ዘጠኝ ስም። ሁለት ሁለት አድርጌ አራቱን ሞላሁ፣ በአምስተኛው አንድ። የመጀመሪያው ክፍተት ያቺ የቆርቆሮ አጥሯ ሾት ላይ እንዲወድቅ ሥዕሉን አንድ ሴኮንድ ከግማሽ አንቀሳቀስኩ። ስሞቹ ግራ በኩል ጨለማው ውስጥ በሩ።

እኅቴን እንደገና ጠራኋት። ስድስት ስም አስታወሰች።

ሐምሌ 18

ሬዲዮውን ሠራሁ። ልጁ የታክሲውን በር ሲከፍት፣ በሩ ተንሸራቶ ሲቆም፣ ዘፈኑ ከፊልሙ ላይ ወርዶ ታክሲው ውስጥ ይገባል። ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅና ከ3,000 በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ቆረጥኩ። ደረቅ፣ በአፍንጫው የሚናገር የታክሲ ስፒከር ድምፅ ሆነ። ሾፌሩ እጁን ዘርግቶ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህን ስንቀርጽ ሬዲዮው ላይ ዜና ነበር፤ እጁ ግን እጅ ነው፣ ለዘፈኑም ሆነ።

አንድ ነገር ግን አልጣመኝም። የመጨረሻው ስንኝ ካለቀ በኋላ፣ በአምስተኛው ክፍተት፣ የኔ ስም ነው ያለው። ስንኙ ስለ ልጁ ነው፣ የሚመልስለት ግን የኤዲተሯ ስም ነው። ስሜን አንሥቼ አራተኛው ክፍተት ላይ ከሌሎቹ ጋር ጨመርኩት፤ ሦስት ስም ሆኑ፣ ትንሽ ተጣበቡ፣ ግን ይነበባሉ። አምስተኛው ባዶ ሆነ። የማሲንቆውንም መልስ አጠፋሁት። እዚያ ቦታ ላይ፣ በዚያው ምት፣ የልጁን ድምፅ አስገባሁ።

«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! የሞላ፣ ሁለት ሰው!»

ሁለት ፍሬም አስቀደምኩት። በዛ። አንድ መለስኩ።

ሐምሌ 20

ለጋሼ ላሳያቸው ሄድኩ። ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አደረግኩላቸው። ዝም ብለው አዩ። ግራ እጃቸው ማሲንቆ የያዘ ያህል ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ በየስንኙ መጨረሻ መልሱን አየር ላይ ይጫወቱታል። አንደኛው። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አራተኛው። አምስተኛው ላይ ጣታቸው ለመጫወት ተነሣ፤ የልጁ ድምፅ ቀደማቸው።

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። «መለሰልኝ!» አሉ። «ድገሚው እስቲ።»